ፏፏቴው ለዓይን፣ ፍልውኃው ለገላ

ከአዲስ አበባ ወደ ምሥራቅ የሚወጣው መንገድ በበዓላት ዋዜማና በረጅም የዕረፍት ቀናት ይጨናነቃል። የአዳማው የፍጥነት መንገድ ከተከፈተ ወዲህ ከ200 ኪሎ ሜትር ጥቂት የሚበልጠው የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ጉዞ ለከተሜው የአንድ ቀን ጉዳይ ሆኗል። ማልዶ የተነሣ ቤተሰብ የበሰቃን ሐይቅ፣ ጥቁሩን የእሳተ ገሞራ ዐለትና መተሐራን አልፎ ረፋድ ላይ ከፓርኩ በር ይደርሳል። ሳላና የሜዳ ፍየል ለማየት ነው የምሄደው ይላል፤ እውነቱንም ነው። ይሁንና የሙቀት መለኪያው 35 ድግሪን ባለፈበት በኢላላ ሳላ ሜዳ ላይ ሁለት ሰዓት የዞረ ሰው፣ ከዚያ በኋላ የሚያስበው ስለ ውኃ ብቻ ነው።

ፓርኩ ደግሞ ሁለት ውኃ አለው። በደቡብ ወሰኑ አዋሽ ወንዝ ከጥቁር ዐለት ላይ ወርዶ ወደ ገደሉ ይገባል። በሰሜን ጫፉ፣ ከፈንታሌ ተራራ ማዶ፣ ዘምባባ የከበበው ፍልውኃ አለ። በሁለቱ መካከል ወደ 30 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የኮረኮንች መንገድ ይገኛል። ጎብኚው አንዱን ወይም ሁለቱንም ይመርጣል፤ ልብሱን አውልቆ የሚገባበትም ብዙ ነው።

የዝግጅት ክፍላችን አቋም አጭር ነው። ከፏፏቴው ሥር መዋኘት በግልጽና ያለ ልዩነት ይከልከል። ፍልውኃው ለገላ መታጠቢያነት ክፍት ሆኖ ይቀጥል፤ ሆኖም ውኃው ይመርመር፣ ሥርዓት ይበጅለት፣ የሥርዓቱም ግማሽ ባለቤት ከፓርኩ በፊት እዚያ የነበሩት አርብቶ አደሮች ይሁኑ።

አገሪቱ ስንት የሚያንገበግብ ጉዳይ እያለባት ስለ ዋና ርዕሰ አንቀጽ መጻፍ ቅንጦት የሚመስለው አንባቢ ይኖራል። አንስማማም። ባለፉት ዓመታት በወንጪ፣ በጎርጎራ፣ በሃላላ ኬላና በጨበራ ጩርጩራ ሎጅ ተሠርቷል፤ አብዛኞቹም ውኃ ዳር የተተከሉ ናቸው። ሕዝቡ አገሩን እንዲያይ በየመገናኛ ብዙኃኑ እየተጋበዘ ነው፤ ግብዣውን እንደግፋለን። ነገር ግን ሎጅ ለመሥራት የታየው ፍጥነት ውኃውን ለማስተዳደር አልታየም። የትኛው ሐይቅ ይዋኝበታል? የትኛው አይዋኝበትም? ማን ይወስናል? በምን ምርመራ? አዋሽ ከአገሪቱ ፓርኮች በዕድሜ ከቀደሙት አንዱ ነው፤ በ1961 ዓ.ም. በነጋሪት ጋዜጣ የታወጀ ነው። እዚህ የሚቆም ሥርዓት ነገ ለነጭ ሳርም ለባሌም አርአያ ይሆናል። እዚህ ካልቆመ ሌላ ቦታ ይቆማል ብሎ መጠበቅ አይቻልም።

የፏፏቴውን ጉዳይ ከወንዙ ምንጭ እንጀምር። አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ደጋ ይነሣል፤ 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ባሕር ሳያይ በጅቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። በዚህ መንገዱ የማይሸከመው የለም። የአዲስ አበባን የፋብሪካ፣ የጋራዥ፣ የቄራና የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ የጫኑት ትልቁና ትንሹ አቃቂ አባ ሳሙኤል ላይ ተገናኝተው ይገቡበታል። የሞጆ ቆዳ ፋብሪካዎች ፍሳሽም በሞጆ ወንዝ በኩል ይከተላል። በ1952 ዓ.ም. ከተመረቀው የቆቃ ግድብ ጥቂት አርፎ ሲወጣ የወንጂና የመተሐራ የሸንኮራ ማሳዎች ይጠብቁታል፤ ማዳበሪያና ፀረ ተባይ ያጠበው የመስኖ ተራፊም ይመለስበታል። እንግዲህ ከፏፏቴው ፊት ቆሞ ጭጋጉን ፊቱ ላይ የሚያስመታው የአዲስ አበባ ጎብኚ የሚቀበለው ውኃ፣ ቀደም ሲል ከራሱ ሰፈር የተለቀቀውን ጨምሮ ነው። ይህን ለማሾፍ አላልነውም፤ ወንዙን ማጽዳት የማን ዕዳ እንደሆነ ለማስታወስ ነው።

ጤናው በፍሳሽ ብቻ አያበቃም። በላይኛውና በመካከለኛው አዋሽ፣ በተለይም በሸንኮራ እርሻዎቹ ዙሪያ፣ ቢልሃርዚያ ለአሥርት ዓመታት ሲጠና የኖረ በሽታ ነው። በሽታውን የሚያስተላልፈው ትንሽ ቀንድ አውጣ የሚወደው ቀስ ብሎ የሚሄደውንና ሣር ያለበትን የውኃ ዳር ነው። ትሉ ቆዳ በስቶ ሲገባ አያምም፤ ሕመሙ የሚመጣው ሰውየው ከተማ ተመልሶ ጉዞውን ከረሳው በኋላ ነው። ጠንቃቃ ወላጅ ልጁን ከፏፏቴው ፊት አርቆ ጸጥ ወዳለው ዳር ይወስደዋል። ለአደጋው የተመቸውም ይኸው ዳር ነው።

አዞው አለ። ከፏፏቴው በታች ባለው ወንዝ ውስጥ አዞ መኖሩ ሚስጥር አይደለም፤ ጎብኚ ከገደሉ ጫፍ ሆኖ ሊያየው የሚመጣው ነገር ነው። የናይል አዞ በደፈረሰ ውኃ ውስጥ ሳይታይ መቆየት ይችላል፤ የአዋሽ ውኃ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ደፍራሽ ነው፤ በክረምት እንደ ሻይ በወተት ይሆናል። አዞው ትናንት በዚያኛው ዳር ታየ ማለት ዛሬ በዚህኛው የለም ማለት አይደለም።

የወንዙ ጉልበትም ይታሰብበት። የአዋሽ ፏፏቴ በከፍታው ከጢስ ዓባይ ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ ይህም ሰውን ያዘናጋዋል። ከፏፏቴው በታች ግን ሸለቆው እየጠለቀ ሄዶ ከ100 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ውኃው የወሰደው ሰው የሚይዘው ነገርም፣ የሚወጣበትም መንገድ የለውም። የወንዙ መጠን ደግሞ በዝናብ ብቻ አይወሰንም። ላይ ያሉት ግድቦች ውኃ ሲለቁ፣ ከታች ፀሐይ እየወጣ ሰማዩም ጠርቶ ሳለ፣ ወንዙ ሊሞላ ይችላል። አባቶች ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል ያሉት ለመናገር ያህል አይደለም።

ይህን ሁሉ የሚቃወም ሐሳብ እንዳለ እናውቃለን። የአካባቢው ወጣቶች በወንዙ ሲዋኙ ኖረዋል፤ ጎብኚውም ሲገባ ቆይቷል፤ ታዲያ ዛሬ መከልከል ፓርኩን ማድረቅ ነው ይባላል። የአካባቢው ወጣት ወንዙን ያውቃል፤ የትኛው ዳር እንደሚከዳ፣ አዞው በየትኛው ሰዓት ፀሐይ እንደሚሞቅ ከልጅነቱ የተማረው ነው። ከከተማ የመጣው ጎብኚ ይህ ዕውቀት የለውም፤ ያለው የወጣቱን መግባት አይቶ የሚያገኘው ድፍረት ነው። ፓርኩ ይደርቃል ለሚለው ደግሞ መልሱ ከሩቅ አገር ይመጣል።

በሰሜን አውስትራሊያ፣ ከዳርዊን ከተማ በስተደቡብ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ሊችፊልድ የሚባል ብሔራዊ ፓርክ አለ። በ1986 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ ነው። አገሩ ሞቃት ነው፤ ፏፏቴዎቹና ከሥራቸው ያሉት የዋና ገንዳዎች ዋነኛ ሀብቱ ናቸው፤ ሰው የሚሄደውም ለመዋኘት ነው። የባሕር አዞ የሚባለው፣ ከእኛው የማይተናነስ አዞ፣ በዚያ አካባቢ ወንዞች ውስጥ አለ። ታዲያ እንዴት ይዋኛሉ? የዝናቡ ወራት ሲገባ ወንዞቹ ስለሚሞሉና አዞ ስለሚገባ ብዙዎቹ ገንዳዎች ይዘጋሉ። ዝናቡ ሲያልፍ የፓርኩ ጠባቂዎች በሌሊት በባትሪ መብራት ይፈትሻሉ፤ ወጥመድ ያጠምዳሉ፤ የተገኘውን አዞ ያስወግዳሉ። ገንዳው ንጹሕ መሆኑ ካልተረጋገጠ አይከፈትም። የተከፈተውና የተዘጋው ለሕዝብ ይነገራል። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ባለበት እንኳ በጁላይ 2023 እ.ኤ.አ. ዋንጊ ከሚባለው ፏፏቴ ሥር ሲዋኝ የነበረ አንድ ሰው በአዞ ተነከሰ፤ ሰውየው ተረፈ፤ ገንዳው ግን ወዲያውኑ ተዘጋ።

ከዚህ ሁለት ነገር እንወስዳለን። አንደኛው፣ ዋና መፍቀድ ማለት ፈታሽ፣ ጀልባ፣ ወጥመድ፣ በጀትና በየዓመቱ የሚደገም ሥራ ማለት መሆኑን ነው። አዋሽ ይህ አቅም የለውም። በቅርቡም ያገኛል ብሎ ማሰብ ራስን ማታለል ነው፤ ያሉት ስካውቶች ከብት፣ ከሰልና አደን ለመቆጣጠር እንኳ አይበቁም። ሁለተኛው ደግሞ የሊችፊልድ ጎብኚ ገንዳው በመዘጋቱ ፓርኩን አልተወውም። መዝጋትና መክፈት የሚያውቅ ፓርክ ይታመናል። ክሮኤሺያ ውስጥ ያለው የክርካ ብሔራዊ ፓርክም ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በስመ ጥሩው ፏፏቴው ሥር መዋኘትን ከልክሏል፤ እዚያ የተፈራው አዞ አልነበረም፤ ዐለቱና ውኃው በሰው ብዛት እንዳይጎዳ ነው። የሚያየው ሰው አሁንም ይሄዳል።

ስለዚህ በአዋሽ ፏፏቴ ላይ ያለን ፍርድ ይግባኝ የሌለው ነው። የሚታይ ፏፏቴ ነው። የሚታይበት ቦታ ይሠራለት፤ የገደሉ ጫፍ አጥር ይኑረው፤ ክልከላው በአማርኛ፣ በአፋርኛ፣ በኦሮምኛና በእንግሊዝኛ ይጻፍ፤ ማንበብ ለማይችል ልጅ ደግሞ የአዞ ሥዕል ይበቃዋል።

ፍልውኃው ሌላ ነገር ነው። ከሜዳው ደረቅ ሣርና ግራር ተነሥቶ እዚያ የሚደርስ ሰው መጀመሪያ የሚያየው የዘምባባውን አረንጓዴ ነው፤ ቀጥሎ ሰማያዊውንና ጥርት ያለውን ገንዳ። ከታች ከእሳተ ገሞራው ምድር ሞቆ የሚወጣው ውኃ በየገንዳው ይለያያል፤ አንዱ ገላን እንደ ራሱ ሙቀት የሚቀበል፣ ሌላው እግር የማያስገባ። ኢትዮጵያዊ ደግሞ ለፍልውኃ እንግዳ አይደለም። ዋና ከተማችን የተቆረቆረችው እቴጌ ጣይቱና አፄ ምኒልክ ከእንጦጦ እየወረዱ ይታጠቡበት በነበረው ፍልውኃ ዙሪያ ነው። ሶደሬ፣ ወንዶ ገነትና አምቦ የሕዝቡ የዕረፍትም የፈውስም ቦታ ሆነው ኖረዋል። ወገቡን የታመመ፣ ቆዳው የተላጠ፣ መገጣጠሚያው የደነደነ ሰው ወደ ፍልውኃ መሄዱ የዛሬ ልማድ አይደለም። ይህን መዝጋት ተገቢም አይደለም፤ ቢሞከርም አይሳካም።

ክፍት ይሁን ማለት ግን እንደተገኘ ይሁን ማለት አይደለም። ቢያንስ ሦስት ጥያቄዎች መልስ ይፈልጋሉ፤ ሦስቱም የሳይንስ ናቸው። ሙቀቱ ስንት ነው፣ በየትኛው ገንዳ? የልብ ሕመምተኛ፣ ነፍሰ ጡርና ሕፃን በጣም በሞቀ ውኃ ውስጥ ብዙ መቆየት እንደሌለባቸው ሐኪም ሁሉ ያውቃል፤ ጎብኚው ግን የገንዳውን ሙቀት የሚያውቀው እግሩን ነክሮ ነው። በውኃው ውስጥስ ምን አለ? በዓለም ላይ በሞቃት ጨው አልባ ውኃ ውስጥ የሚኖር ኒግሌሪያ ፎውለሪ የሚባል በዓይን የማይታይ ነፍስ አለ፤ በአፍንጫ በኩል ገብቶ አንጎልን ያጠቃል። እጅግ ብርቅ ነው፤ የያዘውን ሰው ግን አልፎ አልፎ ካልሆነ በቀር አይምርም። ፍልውኃ የሞላባት ኒውዚላንድ ታጣቢው ራሱን ውኃ ውስጥ እንዳይነክር የምታስጠነቅቀው በዚህ ምክንያት ነው። የአዋሽ ፍልውኃ ይህ አለበት እያልን አይደለም፤ ይመርመርና ይነገረን ነው የምንለው። ምርመራው እስኪደረግ ድረስ ራስን አለመንከር ምንም የማያስከፍል ጥንቃቄ ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ ከመሬት በታች ነው። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ ለወራት የዘለቀው የመሬት መንቀጥቀጥ ገና ከአእምሯችን አልጠፋም። ታኅሣሥ ላይ ከምድር የወጣውን እንፋሎት አገር ሁሉ በቪዲዮ አይቶታል፤ የካቲት 7 ቀን 2017 ዓ.ም. በሬክተር ስኬል 6 የደረሰ መንቀጥቀጥ ተመዝግቧል፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችም ከቀያቸው ተነሥተዋል። ፍልውኃው የሚሞቀው በዚያው ስምጥ ሸለቆ እሳት ነው። ምድሩ ሲንቀሳቀስ የምንጮች ሙቀትና መጠን ሊለወጥ ይችላል። ትናንት ልጅ ይታጠብበት የነበረ ገንዳ ዛሬም ያው ነው ብሎ መገመት አይቻልም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ ባለሙያዎች አካባቢውን ይከታተላሉ፤ ከእነርሱ ጋር ተነጋግሮ አንድ የሙቀት መለኪያ ማስቀመጥና ንባቡን በር ላይ መጻፍ ለአንድ ብሔራዊ ፓርክ ከባድ ሥራ አይደለም።

የሳሙናውን ነገር በአጭሩ እናንሣው። ከገንዳው ውስጥ በሳሙናና በሻምፖ መታጠብ፣ ልብስ ማጠብ፣ የሕፃን ዳይፐርና የፕላስቲክ ጠርሙስ ጥሎ መሄድ ነውር ነው። ከገንዳው ወርዶ የሚፈሰውን ውኃ ከብት ይጠጣዋል። ሌላ ማስረጃ አንጨምርም።

ከብቱ ወደ ዋናው ጉዳይ ይወስደናል። ፍልውኃው የማን ነው? ፓርኩ በአፋርና በኦሮሚያ ክልሎች ወሰን ላይ የተዘረጋ ነው። ከረዩዎችና አፋሮች በዚህ ምድር ላይ ከብት፣ ግመልና ፍየል ሲያረቡ የኖሩት ፓርክ የሚባል ነገር ከመምጣቱ በፊት ነው። በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ሁለት ነገሮች በአንድ ላይ መጡባቸው። ወንዝ ዳር ያለው ለም የበጋ ግጦሽ ለመተሐራ ሸንኮራ ተወሰደ፤ ሜዳውና ተራራው ደግሞ ፓርክ ሆነ። በዚያ ላይ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ወደ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋ የነበረው የበሰቃ ሐይቅ እየሰፋ ሄዶ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ደረሰ፤ ጨዋማ ውኃው ግጦሽ ዋጠ። ከዚያ ደግሞ ፕሮሶፒስ የሚባለው እሾሃማ ወራሪ ዛፍ መጣ። አርብቶ አደሩ ከብቱን ይዞ ወደ ፓርኩ ሲገባ ሕገ ወጥ ይባላል። ሕጉን አንክድም፤ ሳላው የሚበላው ሣር ሲያልቅ ፓርኩ ስሙ ብቻ እንደሚቀርም እናውቃለን። ግን ሌሎቹ በሮች ሁሉ የተዘጉበትን ሰው በመጨረሻው በር ሲገባ ብቻ ይዞ መክሰስ ፍትሕ አይመስለንም።

ስለዚህ ፍልውኃውን የከተማ ሰው መዝናኛ አድርጎ አጥሮ፣ የአርብቶ አደሩን እናት ከበሩ ላይ የሚመልስ ማንኛውንም ዕቅድ እንቃወማለን። ሎጅ ሠሪ ባለሀብት ዓይኑን ቢጥልበት አይገርመንም፤ ቦታው ያምራል። እዚህ ላይም ከአውስትራሊያ የሚወሰድ ትምህርት አለ፤ የዚህኛው ግን መሪር ነው።

በዚያው በሰሜን አውስትራሊያ፣ ካካዱ በሚባለው ትልቅ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ጉንሎም የሚባል ፏፏቴ አለ። ከላይ ከዐለቱ ጫፍ ባሉት ገንዳዎቹ የታወቀ ነው፤ በአንድ ዘመን በዓለም በታየ ፊልም ላይም ታይቷል። ካካዱ የሚተዳደረው ከመሬቱ ባለቤቶች ከአቦርጂናል ሕዝቦች ጋር በጋራ ነው፤ በአስተዳደር ቦርዱ ውስጥ አብላጫው መቀመጫ የእነርሱ ነው። ይሁንና የፓርኩ አስተዳደር ለጎብኚ ይመቻል ብሎ ያሠራው የእግር መንገድ ያለ ፈቃድ ከአንድ የተቀደሰ ስፍራ አጠገብ አለፈ። ባለቤቶቹ አዘኑ፤ ጉንሎም በ2019 እ.ኤ.አ. ተዘጋ። የመንግሥት መሥሪያ ቤቱ ተከሰሰ፤ በሕግ አልጠየቅም ብሎ እስከ አገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ተከራከረ፤ በ2024 እ.ኤ.አ. ተረታ፤ ተቀጣም። ለጥቂት ሜትር የእግር መንገድ ሲባል ጎብኚው ፏፏቴውን ለዓመታት አጣ። ባለቤቶቹን ቀድሞ መጠየቅ ግን ከአንድ ስብሰባ የበለጠ አይጠይቅም ነበር።

በአዋሽ የሚደረገው ከዚህ ይማር። የፍልውኃውን አጠቃቀም የሚወስን አንድ ኮሚቴ ይቋቋም፤ የአፋርና የከረዩ ሽማግሌዎችና ሴቶች ከፓርኩ ኃላፊ ጋር እኩል ድምፅ ይኑራቸው። ከብት የሚጠጣበት የታችኛው ፍሳሽ ተለይቶ ይታወቅ። የአካባቢው ሰው የሚታጠብበት ገንዳና ሰዓት ይጠበቅለት፤ ለሴቶችም እንዲሁ። ጎብኚው በቀረው ይስተናገድ። ገንዳዎቹ ብዙ ናቸው፤ ሥርዓት ካለ ለሁሉም ይበቃሉ። ጠባቂውና ገንዳ አሳላፊው ደግሞ ከአካባቢው ወጣት ይቀጠር፤ ወንዙንም ፍልውኃውንም እንደ እርሱ የሚያውቅ አይመጣም።

ይህ ገንዘብ ይጠይቃል። ጎብኚው በበሩ የሚከፍለው ክፍያ ምን ያህሉ ለፓርኩ ሥራ እንደሚውልና ምን ያህሉ ለአካባቢው ሕዝብ እንደሚደርስ የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን በዚያው በር ላይ ይለጥፍ። ለፍልውኃው የተለየ ክፍያ ቢጨመርና ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ እዚያው ቢቀር አንቃወምም። ለሎጅ ቡና ያለ ቅሬታ የሚከፍል የከተማ ሰው ለንጹሕ ፍልውኃ ለመክፈል ያንሳል ብለን አናምንም። ለአካባቢው ሰው ግን ነጻ ይሁን።

ለራሳችን ለጎብኚዎችም የምንለው አለ። ፓርኩ ወደ 756 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ፣ ከ450 በላይ የአእዋፍ ዝርያ የተመዘገበበት ምድር ነው። በፏፏቴው አካባቢ የሚታዩት ዝንጀሮዎች የማንም ተራ ዝንጀሮዎች አይደሉም። ሁለት የዝንጀሮ ዝርያዎች ተገናኝተው በሚዋለዱበት በዚህ ሸለቆ ተመራማሪዎች ለአሥርት ዓመታት ሲያጠኗቸው ኖረዋል። እኛ ግን ዳቦና ብስኩት እንወረውርላቸዋለን፤ እነርሱም ለምደው ከሰው እጅ መንጠቅ ጀመሩ፤ ከዚያ አስቸገሩ ብለን እንከሳቸዋለን። ሙዚቃ በከፍተኛ ድምፅ ከፍቶ፣ ጫት ዘርግቶ፣ የቢራ ጠርሙስ በዐለት ላይ ሰብሮ የሚመለስ ቡድን ደግሞ በየበዓሉ አይጠፋም። አዲስ አበባ ውስጥ ቦታ አጥቶ እንዳልሆነ እናውቃለን። በመንገድ ላይም ፍጥነት ይቀነስ፤ የጅቡቲው ዋና መንገድ ፓርኩን ለሁለት ከፍሎት ያልፋል፤ ሌሊት የሚሻገር እንስሳ ጎማ ሥር ይቀራል።

ከላይ የጠየቅነው አዲስ አዋጅ አይፈልግም ብለን እናምናለን። የፏፏቴው ክልከላ በአንድ ደብዳቤና በአራት ሰሌዳ ይጀመራል። የውኃ ምርመራውን የጤና ላቦራቶሪዎቻችን ይችሉታል። ኮሚቴው ብቻ ጊዜ ይወስድ ይሆናል፤ ለ60 ዓመት ገደማ ያልተጠየቀ ሕዝብ በአንድ ስብሰባ አይተማመንም፤ ይህንንም መቀበል ያስፈልጋል። ባለሥልጣኑ ከመጪው የክረምት ሙላት በፊት ክልከላውን እንዲያወጣ፣ ከመጪው የገና በዓል በፊት ደግሞ የፍልውኃውን የምርመራ ውጤት ለሕዝብ እንዲገልጽ እንጠይቃለን።

እስከዚያው አንባቢያችን ወደ አዋሽ ሲሄድ ፏፏቴውን ከላይ ሆኖ ይመልከት፤ ልጁን ከወንዙ ዳር ያርቅ። ፍልውኃው ገብቶ ሲታጠብም ራሱን ከውኃው በላይ ያድርግ፤ ሳሙናውንም ቤቱ ይተወው።